የአስተራረስ ዘዴ በአፈር፣ በውሃና በአኩሪ አተር ሰብል ላይ ያለው ተጽዕኖ

አኩሪ አተር በመተከል፣ በአሶሳ፣ በጅማ፣ በቡኖ በደሌ፣ በወለጋ እና በሌሎችም አካባቢዎች በዝናብ የሚለማ የጥራጥሬና የቅባት ሰብል ነው። ለምግብ፣ ለዘይትና ለእንስሳት መኖ ማምረቻዎች ግብዓት ይሆናል፤ ለውጭ ገበያም ይቀርባል። ምርቱን የሚወስኑት ግን ዘርና ማዳበሪያ ብቻ አይደሉም። ማሳው ስንት ጊዜ፣ መቼና በየት አቅጣጫ እንደታረሰም ወሳኝ ነው። ይህ መረጃ አምራቾች ለማሳቸው የሚስማማውን የአስተራረስ ዘዴ እንዲመርጡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ተደጋጋሚ እርሻ በአፈርና በውሃ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

በበሬ የሚጎተተው ማረሻ አፈሩን የሚሰነጥቀው በጠባብ ፈር ስለሆነ በፈሮች መካከል ያልተነካ አፈር ይቀራል። ይህንን ለማዳረስ አርሶ አደሩ ከገመሳ ጀምሮ ሦስትና አራት ጊዜ እያመሳቀለ ያርሳል። እርሻው አረምን ይቀንሳል፤ አፈሩንም ያላላል። ሆኖም ከመጠን በላይ ሲደጋገም አፈሩ ይደቃል። የደቀቀው አፈር በከባድ ዝናብ ሲመታ ገጹ ይለሰናል፤ ሲደርቅም ቅርፊት ይሠራል። በዚህ ጊዜ ውሃው ወደ ታች በመስረግ ፈንታ በላይ እየፈሰሰ ለሙን አፈር ይዞ ይሄዳል። ተዳፋቱን ተከትሎ የወረደ ፈር ደግሞ ለጎርፍ መንገድ ይሆናል።

በተመሳሳይ ጥልቀት ዓመት ከዓመት ማረስ ከማረሻው ጫፍ በታች ጠጣር ንብርብር ይፈጥራል። ይህ ንብርብር ውሃ ወደ ታች እንዳይሰርግና ሥር እንዳይዘልቅ ያግዳል።

በሰብሉ ዕድገት ላይ የሚታየው ውጤት

የአኩሪ አተር ዘር ለመብቀል የክብደቱን ግማሽ ያህል ውሃ መምጠጥ ይኖርበታል። ሲበቅልም ሁለቱን ወፋፍራም የዘር ክኮች ተሸክሞ ስለሚወጣ ቅርፊት የሠራ አፈር ብዙ ቡቃያ ያስቀርበታል። ሰብሉ በዕድገት ዘመኑ ከ450 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚፈልግ ሲሆን፣ አበባ በሚያወጣበትና ፍሬ በሚሞላበት ወቅት የሚደርስ የዕርጥበት እጥረት ምርቱን በእጅጉ ይጎዳል። ሥሩ ላይ በሚገኙ ዕባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ሰብሉን ይመግባሉ፤ ለዚህም በአፈሩ ውስጥ አየርና ተመጣጣኝ ዕርጥበት መኖር አለበት።

እንደ አፈሩ ዓይነት የሚመከር አስተራረስ

• ውሃ በሚገባ በሚያሰርግ ተዳፋታማ ማሳ፦ የእርሻውን ድግግሞሽ መቀነስ፣ የመጨረሻውን እርሻና የዘር መስመሩን ተዳፋቱን አቋርጦ በአግድም ማድረግ፣ ያለፈውን ሰብል ቅሪት በማሳው ላይ መተው። ከዘር በኋላ ቢያንስ 30 በመቶ የሚሆነው የማሳው ገጽ በቅሪት ቢሸፈን የዝናቡን ምት ይቀንሳል፤ ዕርጥበትንም ይጠብቃል።

• በአሲዳማ አፈር፦ ኖራ ከአፈር ጋር መዋሐድ ስላለበት እርሻን ከመቀነስ በፊት ይህ ሥራ ይቀድማል። መጠኑ በአፈር ምርመራ ተወስኖ፣ ከዘር አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ተበትኖ መታረስ አለበት።

• ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር (መረሬ)፦ ከሁሉ በፊት ውሃውን ማጠንፈፍ ያስፈልጋል። ሰፋፊ መደቦችና ቦዮች አዘጋጅቶ በመደቡ ላይ መዝራት ሥሩን ከመታፈን ያድነዋል።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ጉዳዮች

እርሻ ሲቀንስ አረም ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ የአረም መከላከያ ዕቅድ ሳይያዝ ወደዚህ አሠራር መግባት አይመከርም። ፀረ አረም ኬሚካል የሚጠቀሙ አምራቾች በባለሙያ ምክርና በመከላከያ አልባሳት መጠቀም ይኖርባቸዋል።

የአኩሪ አተር ቅሪት አነስተኛና ቶሎ የሚበሰብስ ነው። በመሆኑም ከበቆሎ ጋር ማፈራረቅና የበቆሎውን አገዳ በከፊል ማሳው ላይ ማስቀረት ይመረጣል። ቅሪቱ ለከብት መኖና ለማገዶም ስለሚፈለግ፣ ምን ያህሉ እንደሚቀርና ልቅ ግጦሽ እንዴት እንደሚከለከል ከአጎራባች አርሶ አደሮች ጋር አስቀድሞ መስማማት ያሻል። የምርት ጭማሪው በመጀመሪያው ዓመት ላይታይ ስለሚችል፣ በማሳው ጥቂት ክፍል ሞክሮ ማስፋት ተገቢ ነው።

በማሳ ላይ የሚደረግ ቀላል ፍተሻ

ሰብሉ ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን ከነአፈራቸው ቆፍሮ ማውጣት በቂ ነው። ዋናው ሥር በአንድ ጥልቀት ላይ ወደ ጎን ከታጠፈ ጠጣር ንብርብር መኖሩን ያመለክታል። ዕባጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ነጭ፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ባለሙያ ማማከር ይገባል።

አገልግሎት ለማግኘት

ስለ አፈር ናሙና አወሳሰድና ምርመራ፣ ስለ ኖራና ሕያው ማዳበሪያ አቅርቦት እንዲሁም ስለ ዝርያ መረጣ ዝርዝር መረጃ የሚፈልጉ አምራቾች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ። ኖራ ከዘር ቀደም ብሎ መጨመር ስላለበት፣ የአፈር ምርመራ ጥያቄ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በበጋው ወራት ቢቀርብ ይመረጣል።