ሦስት ብቻ? ለምን አራት አልሆነም?

ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ። አለቀ። ካርቶን ስንለካ አራተኛ ቁጥር የሚጠይቀን የለም። ግን ለምን? የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ትልልቆቹን ሁሉ ሲያደክም የኖረው ግን ይኸው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

ለአርስቶትል መልሱ ቀላል ነበር። ሙሉ የሆነ ነገር መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ አለው፤ ስለዚህ ሦስት ምሉዕ ቁጥር ነው፤ አካልም ከሦስት አያልፍም። በዚህ የቀለደው ጋሊሊዮ ነው። በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ ለእግር ቢሆን ሦስት ከሁለት ወይም ከአራት በምን ይበልጣል ብሎ ጠየቀ። (ጉልቻ አላየም መሰለን።) ከዚያም በአንድ ነጥብ ላይ እርስ በርስ ቀጥ ብለው የሚቆራረጡ መስመሮች ከሦስት እንደማይበልጡ አሳየ። ጥሩ፤ ይህ ግን ሦስት መሆኑን እንጂ ለምን ሦስት እንደሆነ አይነግረንም።

ስበትን ወደ ጉዳዩ የጎተተው ካንት ነው፤ በ1747፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ። በኒውተን ሕግ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ካንት ታዲያ የህዋ ሦስትነት የመጣው ከዚህ ሕግ ነው አለ፤ እግዚአብሔር ሌላ ሕግ መርጦ ቢሆን የአውታሮቹም ቁጥር ሌላ ይሆን ነበር።

እኛ እንደምናየው ዝምድናውን አግኝቶታል፤ ነገሩን ግን ገልብጦታል። ኩራዝ አስቡ። ብርሃኑ በዙሪያው እንደ ኳስ ልጥ ይሰፋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የኳሱ ልጥ አራት እጥፍ ይሰፋል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚደርሰው ሩብ ነው። አራት አውታር ቢኖር ኖሮ ስምንተኛ ብቻ በደረሰ ነበር። ሕጉ ቁጥሩን ይከተላል ማለት ነው።

ይህን እስከ መጨረሻው የወሰደው በሌይደን ያስተምር የነበረው ፓውል ኤረንፌስት ነው፤ በ1917። የጽሑፉ ርእስ እንኳ «ለምን» አይልም፤ ሦስትነት በፊዚክስ ሕጎች ውስጥ በምን ይገለጣል ነው የሚለው። ይህ ጥንቃቄው ነው ደስ የሚለን። ስሌቱ ግን ያስደነግጣል፤ በአራት አውታር ህዋ ፕላኔት በፀሐይ ዙሪያ ሊረጋ አይችልም። ትንሽ ነካ ቢደረግ ወይ ተጠምዝዞ ፀሐይ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ርቆ ይጠፋል። በሁለት አውታር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዴ ያጨበጨብነው ድምፅ ካለፈም በኋላ ጭራው ይቀራል፤ ጥርት ብሎ አይቆረጥም። ጨዋታ እንኳ አይመችም።

ታዲያ ሦስት ባይሆን ጠያቂም አይኖርም ነበር። ይህ መልስ ነው? ለእኛ ግማሽ መልስ ነው። የምንኖረው የት ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ቁጥሩን ማን እንደወሰነው አይናገርም።

ደግሞም ሦስት ብቻ ስለመሆኑ ማን ዋስ ሆነ? ካሉዛ በ1921 ስበትንና ኤሌክትሮማግኔትን ለማዋሐድ አንድ ተጨማሪ አውታር ጨመረ። ክላይን በ1926 ለምን አናየውም ለሚለው ተጠቅልሎ እጅግ ስላነሰ ነው አለ። በ1998 ደግሞ ሦስት የፊዚክስ ሊቃውንት የተሰወሩት አውታሮች እስከ ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሰፉ ይችላሉ ብለው ተነሡ። እንዲያ ከሆነ በዚያ ርቀት ስበት ከኒውተን ሕግ መውጣት አለበት።

በሲያትል ያሉ ተመራማሪዎች በቀጭን ሽቦ በተንጠለጠለ ሚዛን ለኩት። በ2020 ባወጡት ውጤት ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ወርደዋል። እዚያም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ሩብ ነው።