ምሳ ዕቃ የሚከደንበት ልጅ፦ የሙያ ስድብና የእኩዮች ጥቃት በቀጨኔ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውንና የሚያርሰውን በሙያው መስደብ ከልክለው፣ ተሳዳቢው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ። በጉለሌ፣ በእንጦጦ ግርጌ ባለችው ቀጨኔ፣ ሴቶቹ ጀበናና ምጣድ እየሠሩ፣ ወንዶቹ ሸማ እየሸመኑ ልጅ ያሳደጉ ቤተሰቦች በሙያቸው የተነሳ የሚወረወርባቸውን «ቡዳ» የሚለውን ቃል በደንብ ያውቁታል። ልጆቻቸው ቃሉን ከቤት ይዘውት አይወጡም፤ ትምህርት ቤት ሊጠብቃቸው ይችላል።

የእኩዮችን ጥቃት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠናው ዳን ኦልቬየስ ሦስት መለያዎች ሰጥቶታል፦ ሆን ተብሎ ይፈጸማል፣ ይደጋገማል፣ በአጥቂና በተጠቂ መካከልም የአቅም ልዩነት አለ። የአዲስ አበባ ተማሪ «ሙድ መያዝ» የሚለው ነገር ሁሉ ጥቃት አይደለም፤ ሁለት ጓደኛሞች እየተፈራረቁ ሲበሻሸቁ ጨዋታ ነው። ተማሪው ለራሱ ሊያነሳው የሚገባው ጥያቄ፣ «እኔም መልሼ ብለው እኩል እንስቃለን?» የሚለው ይመስለኛል። «ቡዳ» የተባለ ልጅ የሚመልሰው አቻ ቃል የለውም። ጡንቻውም አይረዳውም፤ የክፍሉ ጉልበተኛ እሱ ራሱ ቢሆን እንኳ ቃሉ ከሱ ይበረታል፣ ምክንያቱም ከቃሉ ጀርባ የአያቶች እምነት ቆሟል።

ጥቃቱን ለመለየት የሚያስቸግረው ደግሞ ያለ ቃልም መፈጸሙ ነው። ቡዳ በዐይኑ «ይበላል» ስለሚባል ምግብን ከዐይኑ መሸሸግ የቆየ ልማድ ነው። በምሳ ሰዓት አንድ ልጅ ሲጠጋ ምሳ ዕቃ ከተከደነ፣ ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልተመታም፤ ለመምህር የሚከሰስ ድርጊትም የለም። ልጁ ግን ገብቶታል። በዙሪያው ያሉትም ገብቷቸዋል።

ለተጠቂ ተማሪ በተለምዶ የሚሰጠው ምክር «ቀና በል፣ ዐይን ዐይኑን እያየህ ተው በለው» የሚል ነው። ለሌላ ልጅ ሊሠራ ይችላል። የቡዳ ክስ ግን የተመሠረተው ዐይን ላይ ስለሆነ፣ አፍጥጦ ያየ ልጅ ለከሳሹ ማስረጃ ያቀብላል። ዐይኑን ቢሰብርም «ምን ደብቆ ነው?» ይባላል። ከዚህ ወጥመድ ብቻውን እንዲወጣ መጠየቅ በደል ላይ በደል መጨመር ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ መነሳት ያለበት አጠገቡ የተቀመጠው ነው። በካናዳ ሆኪንስ፣ ፔፕለርና ክሬግ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ምልከታ፣ 88 በመቶ የሚሆነው ጥቃት ሌሎች ልጆች ባሉበት የተፈጸመ ነበር። ልጆቹ ጣልቃ የገቡት በ19 በመቶው ብቻ ሲሆን፣ በገቡ ጊዜ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። የምኒልክ አዋጅ ተሳዳቢውን ቀጣ፤ አብሮ የሳቀውን ግን ምንም አልጠየቀውም። ስድቡ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው እላለሁ። የፊንላንዱ «ኪቫ» የተባለው የእኩዮች ጥቃት መከላከያ መርሐ ግብር በተቃራኒው ትኩረቱን ያደረገው ቆሞ በሚያየው ተማሪ ላይ ነው።

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ጣልቃ መግባት ቀላል አይደለም፤ ተከላካዩ ራሱ በማግሥቱ ሙድ ሊያዝበት ይችላል። ንግግር ግን አያስፈልገውም። ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ከልጁ አጠገብ ቢቀመጥና አብረው ቢበሉ፣ ክሱ በተሰነዘረበት በዚያው ቦታ ይፈርሳል። ሁለት ሦስት ሆነው ቢያደርጉት ደግሞ ይቀላል። ለስም ጠሪው መምህር መናገር የሚከብደው «አሳባቂ» መባልን በመፍራት ስለሆነ፣ ሰውን ለማስቀጣት መናገርና ሰውን ለማውጣት መናገር እንደሚለያዩ በክፍል ውስጥ አስቀድሞ መነጋገር ያሻል።

መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ስድቡን ለማረም ብለው «የእሱ እናት ሸክላ ትሠራለች፣ ሙያዋ ክቡር ነው» እያሉ ልጁን በክፍሉ ፊት አያስነሱት። የ1900ውን አዋጅ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ፤ የጀበናን አሠራርም ያስተምሩ፤ ልጁ ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይስማ።