ፈርናንዴስ፦ የአንድ ፖርቱጋላዊ የአባት ስም አመጣጥ፣ ሥርጭቱና በዓባይ ሸለቆ ሳይወረስ መቅረቱ

የሕዝብን ፍልሰት ከስም ላይ ማንበብ የታሪክና የሥነ ልሳን ተመራማሪዎች የቆየ ልማድ ነው። ስሙ ባለበት ዘሩ አለ፣ ስሙ በሌለበት ዘሩ የለም የሚለው ግምትም ከዚሁ ይመነጫል። ይህ ጽሑፍ ግምቱን «ፈርናንዴስ» በሚለው ፖርቱጋላዊ ስም ይፈትነዋል። መከራከሪያውም የቤተሰብ ስም በደም ብቻ አይወርድም፤ የሚወርደው የሚጽፈው መዝገብና የሚሻው ሕግ ሲገኝ ነው የሚል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

«ፈርናንዴስ» ማለት «የፈርናንዶ ልጅ» ማለት ነው። ፈርናንዶ ቪዚጎቶች ወደ አይቤሪያ ምድር ያስገቡት የጀርመናዊ ዘር ስም ሲሆን፣ «-ኤስ» የሚለው ቅጥያ ባለቤትነትን ያመለክታል። «አልቫሬስ» ከአልቫሮ፣ «ሜንዴስ» ከሜንዶ፣ «ኤንሪኬስ» ከኤንሪኬ የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ቅጥያው በመካከለኛው ዘመን ሕያው ነበር። የመጀመሪያው የፖርቱጋል ንጉሥ አፎንሶ ኤንሪኬስ የተባለው አባቱ ኤንሪኬ ስለሆነ ነው። ከ1360 እስከ 1431 የኖረው የጦር አለቃ ኑኖ አልቫሬስ ፔሬይራ የአልቫሮ ጎንሳልቬስ ልጅ ነበር፤ አልቫሮ ደግሞ የጎንሳሎ። ስሙ በየትውልዱ ይለወጥ ነበር ማለት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሥርዓት ለመረዳት ትርጓሜ አያሻውም፤ የራሱ ነውና።

ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ ግን ቅጥያው ፍቺውን እያጣ ሄደ። ልጅ የአባቱን ስም በመውሰድ ፈንታ የአባቱን የአባት ስም ይወርስ ጀመር፤ ፈርናንዴስ የተባለ ሰው አባቱ ፔድሮ ሊሆን ቻለ። የትሬንት ጉባኤ በ1563 አጥቢያዎች የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ማዘዙም የረጋውን ስም ይበልጥ አጸናው። ስሙ ባሕር የተሻገረው ከረጋ በኋላ ነው። ፖርቱጋሎች በ1510 በያዟት በጎዋ፣ የተጠመቁ ሕንዳውያን የክርስትና አባታቸውን ወይም ያጠመቃቸውን ካህን ስም ወሰዱ። ዛሬ ፈርናንዴስ በጎዋ ካቶሊኮች ዘንድ እጅግ ከተለመዱት ስሞች አንዱ ነው፤ ከተሸካሚዎቹ የሚበዙት ግን የፖርቱጋል ደም የላቸውም። በብራዚልም በአንጎላም ስሙ በጥምቀትና በባርነት መዝገብ ጭምር ተዛምቷል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ፖርቱጋሎችም ይህንኑ ዓይነት ስም ይዘው ነበር። ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገሪቱ ቆይቶ የጉዞውን ታሪክ ጽፏል። በ1541 ክሪስቶቫው ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ወታደሮች አስከትሎ ምጽዋ ወረደ። እርሱ በማግሥቱ ዓመት ቢገደልም፣ ከሞት የተረፉት በ1543 ኢማም አሕመድ በወደቀበት ውጊያ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰለፉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ መሬት ተሰጥቷቸው፣ የአገር ሴት አግብተው ቀሩ። ኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል አንቶኒዮ ፈርናንዴስ በ1613 ከዐፄ ሱስንዮስ መልእክተኛ ከፍቁረ እግዚእ ጋር ወደ ማሊንዲ የሚያወጣ መንገድ ፍለጋ በእናርያና በከምባታ በኩል ተጉዟል። ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ደግሞ በ1625 ገባ።

ሚሲዮናውያኑ ልጅ አልነበራቸውም፤ ወታደሮቹ ግን ወለዱ። ታዲያ ስማቸው ለምን የኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም ሆኖ አልቀረም? መልሱ ያለው ከአገሩ የስም ሥርዓትና ከመሬት ሕጉ ዘንድ ነው። በአማራ አገር እስከ 1975 ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ይቈጠር ነበር፤ ተሟጋች እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን እየጠራ ይወርድ ነበር እንጂ የቤተሰብ ስም አይጠየቅም ነበር። የፖርቱጋሉ የልጅ ልጅ የክርስትና ስም ነበረው፤ ከዚያ የሚከተለው የአባቱ ስም ነው። ለረጋ ስም የተዘጋጀ ሥፍራ ስላልነበረ፣ «ፈርናንዴስ» ቢመጣ እንኳ ከአንድ ትውልድ በላይ የሚያድርበት ቤት አልነበረውም።

ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላም የፈረንጅ ልጆች የሚባሉት በአገሪቱ ቀርተው ነበር። በ1669 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የቀሩት ካቶሊኮች ወይ የአገሩን ሃይማኖት እንዲቀበሉ፣ ወይም ወደ ስናር እንዲሰደዱ አዘዙ። ስናር ያለችው በጥቁር ዓባይ ዳርቻ ነው፤ ያው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ በካርቱም የአል-ማንሺያን ሠፈር ይዳስሳል። ስደተኞቹ በገቡበት አገርም ሰው በስሙ፣ በአባቱ፣ በአያቱና በቅድመ አያቱ ስም ይጠራል። ከአንዱ የትውልድ ሰንሰለት ወደ ሌላው ተሻገሩ እንጂ የረጋ ስም የሚጽፍ መዝገብ አልጠበቃቸውም። ስለዚህ የስሙ አለመኖር የዘሩን አለመኖር አያስረዳም፤ በጎዋ የስሙ መኖር የዘሩን መኖር እንዳላስረዳ ሁሉ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከአል-ማንሺያ አጠገብ ባለው በጅሬፍና በሌሎች የካርቱም ሠፈሮች ለዐሥርታት የኖሩ ኢትዮጵያውያን ስማቸውን በዐረብኛ ፊደልና በአራትዮሽ ቅደም ተከተል አስመዝግበዋል። ከዚያ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ ሥፍራ ይጠብቀዋል። አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላበታል፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች በወረቀት ላይ ባዕዳን ይሆናሉ። ልጆቻቸው ያንኑ ስም ሲወርሱ «ከበደ» ወይም «ተሰማ» እንደ ፈርናንዴስ ይረጋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋል የሆነው ዛሬ በእኛ ስም ላይ እየሆነ ነው።

ሚያዝያ 2023 በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ነዋሪዎቿን በትኗል፤ ስሞቹም ከተሸካሚዎቻቸው ጋር ወደ አዲስ መዝገቦች እየተሻገሩ ነው። ስለዚህ በሠፈር ደረጃ ስም የሚሰበስብ የቋንቋ ተመራማሪ ስሙን ብቻ ጽፎ ማለፍ አይበቃውም። የትኛው የራስ፣ የትኛው የአባት፣ የትኛው የአያት እንደሆነ፣ በየትኛው ፊደልና በየትኛው አገር መዝገብ እንደተጻፈ አብሮ ማስፈር ይገባዋል። ይህ ካልተደረገ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ አንባቢ ወንድማማቾችን ሁለት ነገድ፣ ባዕዳንንም አንድ ቤተሰብ ያደርጋቸዋል።