ሁለት የጊታር ድምፆችን ማዋሃድ፦ ለአምልኮ ሙዚቀኞች

አንድ ጊታሪስት ብቻ ባለበት የአምልኮ ቡድን ኤሌክትሪክ ጊታር ብዙ ጊዜ ቀጭን ሆኖ ይሰማል። ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ይወፍራል፤ ነገር ግን የተመታው ኖታ አይለይም። ንጹሕ ሲሆን ደግሞ በከበሮና በኪቦርድ ይዋጣል። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7 ድምፁ ስለማይለይ ዋሽንትና ክራር የተናገረው ለዚህም ይሠራል።

መፍትሔው ንጹሑንና ሻካራውን ባንድ ጊዜ ማሰማት ነው። አሜሪካዊው ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮን (እ.ኤ.አ. 1954-1990) የተለያዩ አምፕሊፋየሮችን አብሮ በማሰማት ይታወቃል። የጊታሩ ሲግናል ኤቢዋይ በሚባል ትንሽ ሳጥን ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለት አምፕ ይገባል። ሁለቱን አንድ ዓይነት ማስተካከል ጩኸት ብቻ ይጨምራል። ውፍረቱ የሚመጣው ከልዩነታቸው ነው። በሻካራው ላይ ባሱን ቀንሱ፣ ሚዱን ከፍ አድርጉ፤ ባሱንና ጥርት ያለውን ምት ንጹሑ ይሸከም። መጀመሪያ ንጹሑን ብቻ አሰሙ፤ ከዚያ ሻካራውን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሲጠፋ የሚያጎድል፣ ሲበራ ግን ለብቻው የማይታወቅ ከሆነ በቂ ነው።

ሁለተኛው አምፕ ሲከፈት ድምፁ ይበልጥ ከቀጠነ ችግሩ ፌዝ ነው፦ የአንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ የሌላው ወደ ኋላ ይስባል። የኤቢዋዩን የፌዝ ማብሪያ ቀይሩ፤ ከሌለው ሁለቱንም አምፕ ከሶኬት ነቅላችሁ የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ። ሳጥኖቹም ጎን ለጎን በአንድ መስመር ይቁሙ። አንዱ ከሌላው 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቢል ድምፁ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፣ በ500 ኸርዝ አካባቢ ያለውም የጊታሩ ድምፅ ይሸረሸራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ። ሁለት አምፕ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን ለማጥፋት የኤርዝ ሽቦ መቁረጥ የተለመደ ነው፤ በፍጹም አታድርጉት! የተበላሸ አምፕ ጊታሩን 220 ቮልት ሊያሸክመው ይችላል፣ ዘማሪውም ከንፈሩን ማይክሮፎን ሲያስነካ ሊሞት ይችላል። ሁለቱንም ኤርዝ ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ፤ ካልጠፋ ውስጡ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ያለው ኤቢዋይ ተጠቀሙ።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት በአዊ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የጊታሪስቱ እጅ ቶሎ ወደ ቮሊዩም ይሄዳል። ይህ አይረዳም። መዝሙሩ በአዊኛም ይሁን በአማርኛ ቃሉን የሚሸፍነው በዘማሪው ድምፅ ክልል ላይ የተቆለለው ሚድ ስለሆነ ሻካራውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። በዳንግላም ሆነ በሌላ ቦታ ባለ ጠባብ አዳራሽ አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ ስፒከር አትላኩ፤ በጠርዝ የተቀመጠው ምዕመን ግማሹን ብቻ ይሰማል።

ቅኝቱም ይታሰብበት። በአንቺ ሆዬ ከመነሻው ኖታ ላይ ሙሉ አምስተኛ ስለሌለ፣ በዲስቶርሽን የሚመታው የተለመደው ባለ ሁለት ኖታ ኮርድ ከቅኝቱ ያስወጣል። እዚያ ነጠላ ኖታ ተጫወቱ።

ሁለት አምፕ መግዛት ለብዙ አጥቢያ ከአቅም በላይ ነው። ሁለት አምፕ አብሮ የሚያስመስል ዲጂታል ፔዳል በቀጥታ ወደ ሚክሰር ሊገባ ይችላል፤ የሳጥን ርቀትም ሆነ የሁለት ሶኬት ችግር የለበትም። የሚገዛ ቡድን መጀመሪያ ይህን ይመልከት።