ከወንበር ፋብሪካ የወጡ ሸክላዎች

በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ክፍል፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ፖርት ዋሽንግተን በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ወንበር እየሠራ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ ነበር። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግራማፎን የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሳሎን ዕቃም ስለነበረ፣ ኩባንያው በመጀመሪያ ለሌሎች የግራማፎን ሣጥን በመሥራት፣ ቀጥሎም የራሱን ግራማፎን ለገበያ በማቅረብ ትርፍ ፈለገ። ግራማፎን ያለ ሸክላ አይሸጥምና በ1917 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓራማውንት የተባለውን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ። ባለቤቶቹ የእንጨት እንጂ የሙዚቃ ሰዎች አልነበሩም። ይሁን እንጂ የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ዛሬ በድምፅ ከሚታወቅበት ቅርስ ውስጥ ጉልህ ድርሻ ያለው ክፍል በእነዚሁ ግድ የለሽ እጆች አልፏል።

እስከ 1920 ድረስ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ጥቁሩ ሕዝብ ሸክላ ገዝቶ ያዳምጣል ብለው አያስቡም ነበር። የጃዝ ሸክላ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1917 በነጮች ጓድ ነው። በኦገስት 10 ቀን 1920 ግን ሜሚ ስሚዝ የተባለች ጥቁር ዘፋኝ የፔሪ ብራድፎርድን ድርሰት ኦኬ ለተባለው ኩባንያ ኒው ዮርክ ውስጥ ተጫወተች፤ ሸክላውም በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች ተሸጠ። ገንዘብ ዓይን ይከፍታልና ኩባንያዎቹ ወደዚሁ ገበያ ተሯሯጡ። የጥቁሮቹን ሸክላ ግን ከነጮቹ ለይተው «የዘር ሸክላ» በሚል ለብቻው ዘረዘሩት፤ በባቡርና በትምህርት ቤት የነበረው የዘር መድልዎ በሸክላ መደርደሪያም ላይ ቀጠለ ማለት ነው። ሃሪ ፔስ የተባለ ጥቁር ነጋዴ በ1921 ብላክ ስዋን የተባለ ኩባንያ ቢያቋቁምም ብዙ ሊቆይ አልቻለም፤ በ1924 ለፓራማውንት ተላለፈ።

ፓራማውንት አንዱን ሸክላ በ75 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ማስታወቂያው የሚወጣው ቺካጎ ዲፌንደር በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ሲሆን፣ ጋዜጣውንም ሸክላውንም ወደ ደቡብ ከሚያደርሱት መካከል በባለአልጋ ባቡሮች የሚያገለግሉ ጥቁር ሠራተኞች ይገኙ ነበር። በቺካጎ ዘፋኞችን የሚመርጠው ሜዮ ዊሊያምስ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ገቢው ግን የተመሠረተው ከዘፈኖቹ የድርሰት መብት በሚያገኘው ገንዘብ ላይ ስለነበር፣ ጥቅሙ ከዘፋኞቹ ጥቅም ጋር የሚጋጭበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

የሚሲሲፒን ጢሰኛ ከሰሜኑ ፋብሪካ ጋር ያገናኘው ሌላ ሰው ነው። ኤች ሲ ስፒር የተባለ ነጭ ነጋዴ በጃክሰን ከተማ፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት በፋሪሽ ጎዳና፣ የሙዚቃ መደብር ነበረው። ደንበኞቹ የሚወዱትን ዜማ በየቀኑ ስለሚያይ፣ በመንገድ ዳርና በየመንደሩ የሚጫወቱትን አዳምጦ እየመረጠ ወደ ኩባንያዎቹ ይልክ ነበር። ቻርሊ ፓተንና ስኪፕ ጄምስ ለሸክላ የበቁት በእሱ አማካይነት ነው። ፓተን በጁን 1929 መጀመሪያ የተቀረጸው በኢንዲያና ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ ነበር። ይህ ስቱዲዮ በ1923 ኪንግ ኦሊቨርና ወጣቱ ሉዊ አርምስትሮንግ የጃዝ ሸክላ ያወጡበት፣ ከሐዲድ አጠገብ በመሠራቱም ባቡር ባለፈ ቁጥር ቀረጻው የሚቋረጥበት ቤት ነው። በ1930 ደግሞ ፓተን፣ ሰን ሐውስ፣ ዊሊ ብራውንና ፒያኖ ተጫዋቿ ሉዊዝ ጆንሰን የፓራማውንት ፋብሪካና አዲሱ ስቱዲዮ ወደሚገኙባት ወደ ግራፍተን በመኪና ተጓዙ።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ምን ያህል ነበር? በዘመኑ ከጥቁር ዘፋኞች ሁሉ ስመ ጥር የነበረችው ቤሲ ስሚዝ እንኳ ከኮሎምቢያ ኩባንያ ትቀበል የነበረው ለአንዱ የሸክላ ፊት 125 ዶላር ሲሆን፣ ከሽያጩ ግን ድርሻ አልነበራትም። በ1937 ሞታ መቃብሯ እስከ 1970 ድረስ ስሟን የያዘ ድንጋይ አልቆመለትም። ሰን ሐውስ በበኩሉ ግራፍተን ላይ 40 ዶላር መቀበሉን በእርጅናው ያስታውስ ነበር፤ ያን ያህል ገንዘብ ከጥጥ ለቀማ ለማግኘት አንድ ዓመት ያህል እንደሚፈጅበትም በአድናቆት ይናገር ነበር። ይህን አድናቆት ለኩባንያው ማስተባበያ አድርጎ የሚወስድ ይሳሳታል። 40 ዶላሩን ያገዘፈው የከፋዩ ቸርነት ሳይሆን የጥጥ ማሳው ድህነት ነውና።

ቋንቋችን ይህን ዕቃ ሸክላ ብሎ መሰየሙ ተስማሚ ነው፤ ከእጅ ከወደቀ ይሰበራል። የሚሠራውም በሕንድ አገር ዛፍ ላይ ከሚኖሩ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ መሰል ነገርና ከተፈጨ ድንጋይ ነበር። ፓራማውንት ወጪ ለመቀነስ ርካሽ ድብልቅ ይጠቀም ስለነበር፣ የሸክላዎቹ ሹክሹክታ ገና ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የሚሰማ ነው። ከዚያም የኢኮኖሚው ቀውስ መጣ። በ1927 በአሜሪካ 104 ሚሊዮን ያህል የነበረው የሸክላ ሽያጭ በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ወረደ። ፓራማውንት በዚያው ዓመት መቅረጹን አቆመ። ሸክላ የሚታተምባቸው ዋናዎቹ የብረት ቅርጾችም በአብዛኛው እንደ ውዳቂ ብረት ተሸጡ። ሠራተኞች ተናደው ሸክላዎቹን ወንዝ ውስጥ ጥለዋል የሚል ወሬ ስለነበረ በ2006 ጠላቂዎች ወንዙን ቢፈትሹም የተፈለገው አልተገኘም።

እንግዲህ የተረፈው ቅርስ የተረፈው በድሆች ቤት ነው። ገዝቶ ያዳመጠው ጢሰኛ፣ አልጋ ሥር ወይም ሣጥን ውስጥ ያኖረችው ባልቴት፣ ከማንም በፊት የዚህ ሙዚቃ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ታሪካቸውን የጻፉት ሰብሳቢዎች ይህን ሁልጊዜ በቂ ክብር አልሰጡትም። ሰብሳቢዎቹ ብዙዎቹ ወጣት ነጮች ነበሩ። ጌይል ዲን ዋርድሎው በ1960ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ በር እያንኳኳ አሮጌ ሸክላ ይጠይቅ ነበር፤ በተባይ ማጥፊያ ረጪነት መሥራቱም ወደየቤቱ ለመግባት ጠቅሞታል። አረጋዊውን ስፒርን ፈልጎ አግኝቶ ትዝታውን የመዘገበውም እሱ ነው። ያለዚህ ምዝገባ ሙዚቃው እንዴት ከጥጥ እርሻ ወደ ፋብሪካ እንደደረሰ የሚነግረን አይኖርም ነበር።

መሰብሰብ ሁለት መልክ ነበረው። ለአንዳንዱ ዋናው ነገር የዕቃው ብርቅነት ነበር፤ በ2013 አንድ የቶሚ ጆንሰን ሸክላ በ37,100 ዶላር ሲሸጥ ከገንዘቡ ዘፋኙ ዘንድ የደረሰ አልነበረም፤ እሱ በ1956 ሞቷል። ሌላው ግን ከሸክላው አልፎ ሰውየውን ፈለገ። በጁን 1964 ሦስት ወጣቶች ሰን ሐውስን በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር አገኙት። ጊታር መጫወት ትቶ ስለነበር የራሱን የጥንት ዜማ እንደገና እንዲያስታውስ አሮጌውን ሸክላ ሲያጠና የኖረ አል ዊልሰን የተባለ ወጣት ረዳው፤ በማግሥቱም ዓመት አዲስ ሸክላ አወጣ። ስኪፕ ጄምስም በዚያው ሰሞን በሚሲሲፒ ሆስፒታል ተኝቶ ተገኘ። ክሪም የተባለው የእንግሊዝ ጓድ በ1966 አንድ ዘፈኑን ከስሙ ጋር ስላወጣለት፣ በ1931 ግራፍተን ላይ የተጫወተው ድርሰት ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ገቢ አስገኘለት።

ከሰን ሐውስ ጋር ወደ ግራፍተን የተጓዘው ዊሊ ብራውን ግን ፈላጊዎች ሳይደርሱለት በ1952 ሞተ። ፓራማውንት ሁለት ሸክላ አውጥቶለት ነበር። አንደኛው ተገኝቷል። ቁጥር 13099 የሆነውን ሁለተኛውን እስከ ዛሬ ያገኘ የለም፤ በዚያ ላይ ምን እንደዘፈነ የሚታወቀው ከርእሱ ብቻ ነው።