የወለል ሴራሚክ ለምን ይነሣል? ከንጣፉ በታች ያለው ሥራና ጥንቃቄው

በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች እንዲሁም በዙሪያቸው በሚገኙ ትናንሽ ከተሞች ቀድሞ በሊሾ ይጠናቀቅ የነበረው የቤት ወለል ዛሬ በሴራሚክ ወይም በፖርስሊን መሸፈኑ ተለምዷል። ምርቱን ሸጦ በከተማ ዳር ቤት የሚሠራ አርሶ አደርም ገንዘብ ከሚመድብላቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ መሐል ለመሐል የሚሰነጠቅ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ተገፋፍቶ ወደ ላይ የሚነሣ ንጣፍ ያጋጥማል።

በዚህ ጊዜ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሴራሚኩ ጥራት ላይ ነው። የችግሩ መነሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ያለው ወለልና የአነጣጠፉ ዘዴ ነው። ከሥር የቀረ ጉድለት ከተሸፈነ በኋላ የሚታረመው ንጣፉን በመስበር ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ለአንድ ወለል ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት የመጀመሪያው ሴራሚክ ከመቀመጡ በፊት ነው።

የመሬቱ ጠባይ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተመሠረተች ተዳፋት የሚበዛባት ከተማ ናት። በተዳፋት ላይ የሚሠራ ሰው የላይኛውን ወገን ቆርጦ፣ የወጣውን አፈር በታችኛው ወገን ይሞላል። በዚህም የአንድ ሳሎን ግማሹ ባልተነካ መሬት ላይ፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ያርፋል። ሙሌቱ በሚገባ ካልተጠቀጠቀ ዝናብ ሲያገኘው ይሰምጣል፤ ስንጥቁም የሁለቱን ወሰን ተከትሎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘልቃል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ የሴራሚኩን መገጣጠሚያ ሳይጠብቅ በርካታ ንጣፎችን በአንድ መስመር ማቋረጡ መለያው ነው።

ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በከፍታም 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻና በቦርከና ወንዝ ሜዳ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሜዳው የሚገኘው ጥቁር ሸክላማ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አርሶ አደሩ ይህን ከማሳው ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በቀጥታ የተሠራ ወለልም ከአፈሩ ጋር ይነሣል፤ ከአፈሩም ጋር ይወርዳል።

ለሁለቱም መፍትሔው ተቀራራቢ ነው። ጥቁሩን አፈር በተቻለ መጠን ቆርጦ ማውጣት፣ በምትኩም የማያብጥ የተመረጠ አፈር መሙላት ይገባል። ሙሌቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንብርብር፣ እያንዳንዱ ንብርብር እርጥበት እያገኘ መጠቅጠቅ አለበት። በሀገራችን የተለመደው አሠራር በዚህ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ፣ ከዚያም 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ማድረግ ነው። በድንጋዩና በኮንክሪቱ መካከል የሚነጠፍ ወፍራም ፕላስቲክ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ያግዳል። የጣሪያ ውኃ ከመሠረቱ ርቆ እንዲፈስ ቦይ ማበጀትም የወለሉ ሥራ አካል ነው።

የሥረኛው ወለል ዝግጅት

አዲስ ኮንክሪት እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል። ሳይደርቅ የተነጠፈ ሴራሚክ ግን አብሮት ስለማይኮማተር ከሥሩ ይላቀቃል። በመሆኑም ኮንክሪቱ ቢያንስ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ ሊጠጣ፣ ከዚያም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊቆይ ይገባል። በሙቀትና በነፋስ የኮምቦልቻ ወለል ቶሎ ውኃውን ያጣል፤ በክረምት ደሴ ውስጥ ደግሞ መድረቁ ይዘገያል። ስለዚህ ቀን ቆጥሮ ብቻ መጀመር አያዋጣም።

ቀድሞ ሊሾ በነበረ ወለል ላይ ማንጠፍ ሌላው የስህተት ምንጭ ነው። ሊሾ የሚለሰልሰው ውኃና ቆሻሻ እንዳይዝ ነው፤ በዚያው ምክንያት አዲሱንም ድብልቅ አይዝም። ፊቱ በመሮ ወይም በማሽን ተቦርቡሮ መሻከር፣ ያበጠውና የተላቀቀው ክፍል መነሣት፣ አቧራው ተጠርጎ በውኃ መታጠብ አለበት። የቀለም፣ የዘይትና የጂፕሰም ፍንጣሪም እንዲሁ ይወገዳል።

የወለሉ ልክ የሚታየው 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ አሉሚኒየም በተለያየ አቅጣጫ በማጋደም ነው። ከአሉሚኒየሙ ሥር ከ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ከታየ ጉድጓዱ አስቀድሞ ይሞላ። ጎርባጣነትን በማጣበቂያ ውፍረት ለማስተካከል መሞከር አንዱን ሴራሚክ በወፍራም፣ ሌላውን በስስ ድብልቅ ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለቱም በእኩል አይደርቁም።

ድብልቅና ማጣበቂያ

የአሸዋው ንጽሕና ቀላል በሆነ ዘዴ ይፈተሻል። አሸዋው በጠርሙስ እስከ ግማሽ ተሞልቶ፣ ውኃ ተጨምሮበት በኃይል ይናጥና እንዲሰፍን ይተዋል። ከአሸዋው በላይ የሚቀመጠው የደለል ንብርብር ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ደለል ሲሚንቶው ከአሸዋው ጋር እንዳይያያዝ ይከለክላል። መጠንከር የጀመረ ድብልቅን ውኃ ጨምሮ እንደገና ማላላትም ጥንካሬውን ያጠፋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት በሴራሚክና በፖርስሊን መካከል ያለው ነው። ተራ ሴራሚክ ጀርባው ውኃ ስለሚመጥ የሲሚንቶ ውጥ ገብቶበት ይይዘዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ፖርስሊን የሚባለው ግን ውኃ የመምጠጥ አቅሙ ከ0.5 በመቶ የማይበልጥ ነው። ሲሚንቶና ውኃ ብቻ ቀብቶ ፖርስሊን ማንጠፍ በመስታወት ላይ እንደ መለጠፍ ይቆጠራል። ለዚህ ለፖርስሊን ተብሎ የተዘጋጀ የከረጢት ማጣበቂያ መጠቀም ግድ ነው፤ በማጣበቂያ የሚነጠፍም አስቀድሞ ውኃ ውስጥ አይነከርም።

አምስት ቦታ ጠብ አድርጎ ማስቀመጥ

ሥራ ለማፋጠን ድብልቁን በአራቱ ማዕዘንና በመሐል ብቻ አድርጎ ሴራሚኩን መጫን የተለመደ ነው። በእነዚህ ነጥቦች መካከል ያለው ባዶ ቦታ የአልጋ ወይም የፍሪጅ እግር ሲያርፍበት ይሰበራል፤ በመታጠቢያ ቤትም ውኃ ያቁራል። ትክክለኛው መንገድ ማጣበቂያውን ጥርስ ባለው መሣሪያ በአንድ አቅጣጫ መዘርጋትና ሴራሚኩን እየገፉ መጫን ነው። በመካከሉ አንዱን አንሥቶ ጀርባውን ማየት ይገባል፤ በደረቅ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ፣ በመታጠቢያ ቤትና በበረንዳ 95 በመቶ የሚሆነው ጀርባ መሸፈን አለበት።

ሴራሚክን ያለ ክፍተት አጣብቆ መደርደርም ለዓይን ቢያምር አደጋ አለው። ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መሄጃ ሲያጣ ተገፋፍቶ ይነሣል። በመካከል ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ይበቃል። የዙሪያው ክፍተት በሲሚንቶ ሳይሞላ በዞኮሎ ይሸፈናል።

ርክክብና ጥገና

ክፍያው ከማለቁ በፊት ወለሉን በሳንቲም ወይም በእንጨት እጀታ እያንኳኩ ማዳመጥ ይጠቅማል። ጥቂት ሴራሚኮች ብቻ ባዶ ድምፅ ከሰጡ እነርሱን መቀየር በቂ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ በመስመር የሚሄድ ከሆነ ግን የሥረኛው ወለል እየተንቀሳቀሰ ነውና መንስኤው ሳይታረም አዲስ ሴራሚክ መግዛት ትርፍ የለውም። ለጥገና የሚሆን ከአንድ ምርት የሆነ ትርፍ ካርቶን ማስቀመጥም ይመከራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሕንፃ ለመሥራት የተዋዋለ ሥራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው አሠራርና ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ጉዳቱ ሥራው ካረፈበት መሬት ጠባይ የመጣ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ይህን መብት ለመጠየቅ በእጅ የሚገኝ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለሆነም የሙሌቱ አጠቃጠቅ፣ የማጣበቂያው ዓይነትና የክፍተቱ መጠን በጽሑፍ ውል ውስጥ ይግቡ፤ ከመሸፈኑም በፊት የወለሉ ፎቶግራፍ ይነሣ።