ዲዲቲ፦ ከጎጆው ግድግዳ እስከ ዓሣው ስብ

ከጂንካ ቆላ የወረደ ሰው ወባን መጽሐፍ አንብቦ አይደለም የሚያውቃት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፡፡ በማግስቱ ዓመት ወባን የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዋና መሣሪያውም ዲዲቲ ነበር፡፡ በየጎጆው ግድግዳ ተረጨ፤ ብዙ ነፍስም አተረፈ፡፡ ይህን የሚክድ ታሪኩን አያውቅም ማለት ነው፡፡

ችግሩ ዲዲቲ ቶሎ አለመጥፋቱ ነው፡፡ በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ ከደለል ወደ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ከእነሱ ወደ ዓሣ ስብ ይሻገራል፡፡ እዚያም አንዱ ዓይነት የሴቴን ሆርሞን መስሎ ይሠራል፤ ሲበሰብስ የሚወጣው ዲዲኢ ደግሞ የወንዴውን ሆርሞን ይከለክላል፡፡ ዓሣው ወዲያው አይሞትም፤ መራባቱ ግን ሊታወክ ይችላል፡፡ የዝዋይና የሐዋሳ ዓሦች ሲመረመሩ ቅሪቱ ተገኝቶባቸዋል፡፡ ምርመራው የመጣው ግን ርጭቱ ከተጀመረ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው፡፡

ኢትዮጵያ ዲዲቲን የሚገድበውን የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጸደቀች፡፡ ከ2011 ወዲህ ደግሞ በኦሞ ዳርቻ የኩራዝ የሸንኮራ እርሻ መጣ፡፡ ሰፊ እርሻ ካለ ፀረ ተባይና ፀረ አረም አይጠፋም፡፡ ኦሞ 90 በመቶ ያህሉን ውኃ የሚያቀብለው የቱርካና ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል፡፡ ከወንዙ አፍ ዓሣ አውጥቶ የሚበላው ዳሰነች ነው፡፡

እንግዲህ በኦሞስ እንደ ዲዲቲው ዘመን ረጭተን ኋላ እንለካ? ወይስ ዓሣውን ዛሬ እንመርምር?